ከአልትራሳውንድ ጋር የታረቀ ባህል፦ የአዘርባጃን ቤተሰብ ነገር

ስለ አዘርባጃን የሚወራው ነገር ሁሉ ከቤት ውጭ ያለው ነው። የካስፒያን ባሕር ነዳጅና ጋዝ፣ የካራባክ ጦርነት፣ ድሮኑ፣ በ2024 ባኩ ላይ የተካሄደው የዓለም የአየር ንብረት ጉባኤ፣ በከተማዋ መሀል የሚሽቀዳደሙት የፎርሙላ ዋን መኪኖች። (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አሥር ሚሊዮን የሚሆነው ሕዝብ በየሳሎኑ ሻዩን ይዞ የሚከራከርበት ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ማን ማንን ያግባ? የፈታች ሴት የት ትግባ? ሠርጉ ስንት ሰው ይጥራ? ሁለተኛውም ልጅ ሴት ከሆነስ?

በዚህ ጉዳይ ላይ ሁለት ወሬ ይሸጣል። አንደኛው የአገር ውስጥ ገበያ ነው። ሻጮቹ የቴሌቪዥን አቅራቢዎች፣ የፓርላማ አባላትና በየሠርጉ ማይክሮፎን የሚይዙ አዛውንቶች ናቸው። ቤተሰባችን በምዕራቡ ነፋስ ተናጋ፣ ፍቺ በዛ፣ ሴቶቹ አፍ አወጡ ይላሉ። ሁለተኛው ለውጭ ገበያ የሚቀርብ ነው። በባኩ የባሕር ዳርቻ የሚንሸራሸሩ ወጣቶችንና የእሳት ነበልባል የሚመስሉትን ሦስት ማማዎች እያሳየ፣ እነሆ ዘመናዊ የሙስሊም አገር፣ ልማዱም በጊዜው ይረግፋል ይላል።

ሁለቱም ወሬዎች ባህልና ዘመናዊነት እንደ ሁለት ጠበኛ ጎረቤት ተፋጠው ቆመዋል ከሚል ሐሳብ ይነሳሉ። ስህተቱ እዚያ ላይ ነው። በአዘርባጃን ቤት ውስጥ ባህልና ዘመናዊነት አልተጣሉም። ተስማምተዋል። የስምምነቱን ዋጋ የምትከፍለው ደግሞ በአብዛኛው ሴት ልጅ ናት።

ማስረጃው የልደት መዝገብ ነው። ተፈጥሮ በራሷ ስትሄድ ለ100 ሴት ሕፃናት ወደ 105 ወንዶች ይወለዳሉ። በአዘርባጃን ከሶቪየት ኅብረት መፍረስ በኋላ ይህ ቁጥር መውጣት ጀመረ፤ ካለፈው አሥር ዓመት በፊት በነበሩት ዓመታት ለ100 ሴት ወደ 116 ወንድ ደረሰ። በዓለም ላይ ከታዩት ከፍተኛ ልዩነቶች አንዱ ነው። ሒሳቡን መሥራት አያስቸግርም። 116 ወንዶች በተወለዱበት ወደ 110 ሴቶች መወለድ ነበረባቸው። የተወለዱት 100 ናቸው። አሥሩ የት ሄዱ?

የአሥሩን መንገድ የሚያውቀው አልትራሳውንድ ነው። መሣሪያው የገባው የእናቶችን ሕይወት ለማዳን ነበር፤ የመጣውም የሠለጠነ ዓለም ዕቃ ሆኖ ነው። ቤተሰቡ ግን ለራሱ ጥያቄ አዋለው። ሁለተኛዋም ሴት ናት? እንግዲያው አትምጣ። ፅንስ ማቋረጥ በሶቪየት ዘመን ሕጋዊ ከመሆኑም በላይ ዋና የወሊድ መቆጣጠሪያ ሆኖ የኖረበት አገር ስለሆነ መንገዱ አዲስ አልነበረም። አዲስ የሆነው ምርጫው ነው።

ድሮስ? ድሮም ሴት ልጅ ስትወለድ እልልታው ቀዝቃዛ ነበር። ሴት በሴት ላይ የደረበ ቤተሰብ ለመጨረሻዋ ልጅ የሚያወጣው ስም ራሱ ይናገራል። «ጊዝበስ» ማለት «ሴት ይብቃ» ነው። «ጊዝታማም» ደግሞ «ሴት ተሟላ» እንደማለት ነው። «ኪፋየት»፣ «የተር»፣ «በስቲ» የሚባሉትም ሁሉ ዞሮ ዞሮ «በቃ» ናቸው። በነዚህ ስሞች የሚጠሩ አያቶችና እናቶች ዛሬም በየመንደሩ አሉ። ልጅን በስሟ ዕድሜዋን ሙሉ «በቃሽን» ብሎ መጥራት ጭካኔ ነው። ሆኖም ጊዝበስ ተወልዳለች። ጠብታለች፣ ተምራለች፣ አግብታለች፣ ልጅ ወልዳ ስማቸውን ከራሷ የተሻለ አድርጋ አውጥታለች። የዛሬው አባት ልጁን እንዲህ ብሎ አይሰይምም፤ ነውር መሆኑ ገብቶታል። ስም የሚወጣላት ልጅ ራሷ የለችማ።

ባህል በዘመናዊነት ተሸነፈ የሚል ሰው ይህን ቁጥር አይቶ ይመልስ። በሶቪየት ዘመን የነበረችው እናት ወንድ እስኪመጣ አራትም አምስትም ትወልድ ነበር። አሁን የከተማ ኑሮ ውድ ነው፤ አማካዩ ከሁለት ልጅ በታች ወርዷል። ሁለት ልጅ ብቻ የሚፈልግ ዘመናዊ ቤት፣ ከሁለቱ አንዱ የግድ ወንድ ይሁን ከሚል ጥንታዊ ቤት ጋር በአንድ ጣራ ሥር ሲኖር ውጤቱ ይኸው ነው።

ሃይማኖቱ ነው የሚሉ አይጠፉም፤ አይደለም። አዘርባጃን በብዛት ሺዓ ሙስሊም፣ በመንግሥት ሥርዓቷ ግን ዓለማዊ አገር ናት። ከእሷ ጋር ደም የተቃባችው ክርስቲያን አርመንያም በተመሳሳይ ዓመታት ተመሳሳይ ቁጥር አስመዝግባለች። ኦርቶዶክሷ ጆርጂያም እንዲሁ። ሦስቱ ጎረቤታሞች በቋንቋም በእምነትም አይገናኙም፤ ወንድ ልጅ በመፈለግ ግን አንድ ናቸው። ከሦስቱ ጆርጂያ ቁጥሯን ወደ ተፈጥሮው መጠን መልሳለች። ስለዚህ ነገሩ የማይድን በሽታ አይደለም፤ «የኛ ሕዝብ እንዲህ ነው» የሚለውም ሰበብ አይሠራም።

ምክንያቱ ከመስጊድ ይልቅ ከቤቱ ካርታ ጋር ይገናኛል። በልማዱ መሠረት ትልልቆቹ ወንዶች አግብተው ይወጣሉ፤ የመጨረሻው ወንድ ልጅ ከነሚስቱ ከወላጆቹ ጋር ይቀራል፣ ይጦራቸዋል፣ ቤቱም የሱ ይሆናል። ሴት ልጅ የሰው ንብረት ናት ይባላል፤ አሳድገው ለሌላ ቤት የሚሰጧት። ሕጉ ውርስን ለወንድና ለሴት እኩል ያደርጋል። ሴቷ ግን ድርሻዬን ብላ ወንድሟን ብትጠይቅ ወንድሟንም መንደሩንም ታጣለች፤ ስለዚህ አትጠይቅም። ጡረታው ለማይበቃቸው ሽማግሌና ባልቴት ወንድ ልጅ ማለት ኢንሹራንስ ነው። ይህን የሚለውጠው የአመለካከት ሥልጠና ሳይሆን በቂ ጡረታና ድርሻዋን በእጇ የምታገኝ ሴት ልጅ ነው። ስለ እናት ክብር በየዓመቱ ንግግር የሚደረገው ግን ጡረታ ከመጨመር ንግግር ስለሚረክስ ነው።

በአዘርባጃን ክርክር ሲያልቅ የሚመዘዝ አንድ ቃል አለ፤ «ሜንታሊቴት»። ልጅቷ ብቻዋን ቤት ተከራይታ መኖር ፈለገች? ሜንታሊቴታችን አይፈቅድም። የባል ዱላ ፖሊስ ጣቢያ ደረሰ? የቤተሰብ ገበና አደባባይ ማውጣት ከሜንታሊቴታችን ውጭ ነው። ከዚህ ቃል በኋላ ውይይት የለም። አስቂኙ ነገር ቃሉ ከአውሮፓ ተነስቶ በሩሲያኛ በኩል የገባ መጤ መሆኑ ነው። የአገሬውን ባህል ከባዕድ የሚጠብቀው ዘበኛ ራሱ ባዕድ ነው።

ከሜንታሊቴት ሥር ያለው የቆየው የአገሬው አነጋገር «ኤል ነ ደየር» ይባላል፤ ሰዉ ምን ይላል እንደማለት ነው። ለአማርኛ አንባቢ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም፤ ይሉኝታ ነው። ይሉኝታ ሰውን ከብልግና የሚያቅብበት ጊዜ አለ። በአዘርባጃን ግን ይሉኝታው የሚይዘው አንዱን ወገን ነው። የተመታች ሴት «ሰዉ ምን ይለኛል» ብላ ዝም ትላለች፤ የመታት ባሏ ሰዉ ምን ይለኛል ብሎ እጁን አይሰበስብም።

እና ይህ ሁሉ ለውጥ ከምዕራቡ የመጣ ነው? የአገሩን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ይህን ሊል አይችልም። ከግንበኝነት ተነስቶ በነዳጅ የበለፀገው ሐጂ ዘይናላብዲን ታጊየቭ በ1901 ባኩ ውስጥ ለሙስሊም ሴት ልጆች ዓለማዊ ትምህርት ቤት ከፈተ። ሰውዬው ስሙ እንደሚለው ሐጂ ነው፤ ከፓሪስ የመጣ አይደለም። በ1906 ትብሊሲ ላይ መታተም የጀመረው፣ ጀሊል መመድጉሉዛዴ ያዘጋጀው «ሞላ ነስረዲን» የተባለው የሥላቅ መጽሔት ልጃገረድን ለሽማግሌ የሚድረውን አባትና ያንን የሚባርከውን ሞላ በካርቱን ሲያሳቅቅ ኖሯል። በ1913 ኡዜይር ሐጂቤዮቭ «አርሺን ማል አላን» የተባለውን ኦፔሬታ ለመድረክ አበቃ። ታሪኩ ሚስቱን ሳያያት አላገባም ስላለ ሀብታም ወጣት ነው፤ ጨርቅ አዟሪ መስሎ በየግቢው ይዞራል፣ ጨርቅ ለመምረጥ የወጣችውን ልጅ አይቶ ይወዳታል። ሕዝቡ በዚህ ሥራ ከመቶ ዓመት በላይ ሲስቅና ሲዘፍን ኖሯል። ያገባኛል የምለውን ሰው ልየው የሚለው ጥያቄ የአገሩ ልጆች የራሳቸው ጥያቄ ነው ማለት ነው።

ከዚያም 1918 መጣ። ያን ዓመት የታወጀችው የአዘርባጃን ሪፐብሊክ ለሴቶች የመምረጥ መብት ሰጠች፤ ከሙስሊም አገሮች የመጀመሪያዋ ሆና። ፈረንሳይ ይህን ያደረገችው በ1944 ነው። ስዊዘርላንድ በፌዴራል ምርጫ በ1971። እንግዲህ የሴት መብት ከአውሮፓ የመጣ ጥገኛ ነው የሚለው የፓርላማ አባል የተቀመጠበትን የሪፐብሊክ ታሪክ ቢያነብ ምን ነበረበት?

እርግጥ ቀጥሎ የመጡት ሶቪየቶች ነገሩን አበላሽተውታል። ቀይ ጦር በ1920 ባኩ ከገባ በኋላ የሴቶች ክለብ ተከፈተ፣ የፊት መሸፈኛ የማስወለቅ ዘመቻ ታወጀ። በ1928 የጃፋር ጃባርሊ «ሴቪል» የተባለ ተውኔት መድረክ ላይ ሲወጣ ተመልካች ሴቶች መሸፈኛቸውን አውልቀው ወጡ ይባላል። ነገር ግን አውልቀሽ ውጪ ያላት መንግሥት ማታ ከእሷ ጋር ቤቷ አልገባም። የገቡት አባቷና ወንድሟ ናቸው፤ መሸፈኛቸውን በማውለቃቸው በገዛ ዘመዶቻቸው የተገደሉ ሴቶች ነበሩ። በ1960 ባኩ ላይ መሸፈኛዋን አውልቃ የምትጥል ሴት ሐውልት ቆመ። ሐውልቷ ነፃ ወጥታለች። በሕይወት ያሉት ሴቶች ግን ሁለት ኑሮ ለመዱ። በቀን መሐንዲስ፣ ሐኪም፣ መምህር፤ ማታ «ጌሊን»።

ጌሊን ማለት ምራት ናት፤ ቃሉ ቀጥታ «የመጣችዋ» ከሚል የሚወጣ ነው። የመጣችዋ ቀድማ ትነሳለች፣ ዘግይታ ትተኛለች፣ በአማቷ ፊት ቀስ ብላ ትናገራለች። በ1978 የተሠራው «ጋይናና» (አማት) የተባለው ፊልም ይህን የአማትና የምራት ጦርነት ኮሜዲ አድርጎ ስላቀረበው ዛሬም ይታያል፣ ይሳቅበታል። የተሳቀበት ግን አልቀረም። ሽማግሌ ወላጅ በማረፊያ ቤት አይጣልም የሚለው የአዘርባጃን ኩራት እውነተኛ ኩራት ነው፤ መንካትም አይገባም። ብቻ ኩራቱ የልጁ፣ ሥራው የምራቷ ነው። አማቷን የምታጥበው፣ መድኃኒት የምታውጠው እሷ ናት። የገዛ እናቷንስ? እናቷን የወንድሟ ሚስት ትጦራለች። እንዲህ እየተባለ ሁሉም ሴት የሌላ ሰው እናት እየጦረች ታረጃለች።

ሠርጉን እንይ። ልማዱ በራሱ ያምራል። ከወንድ ወገን ኤልቺ፣ ማለት ሽማግሌ፣ ይላካል። የሴቷ ወገን ሻይ ያቀርባል። ሻዩ ያለ ስኳር ከመጣ ነገሩ ገና ነው፤ ስኳር ከተጨመረበት እሺታ ነው። አንድ ቃል ሳይወጣ፣ ማንም ሳይዋረድ፣ በስኳር ብቻ መልስ የሚሰጥ ሕዝብ ጨዋ ሕዝብ ነው። ከዚያ ቀለበት፣ ሂና፣ በየበዓሉ ለእጮኛዋ የሚላክ ያጌጠ ትሪ፣ የወንድሟ እጅ በሙሽሪት ወገብ ላይ የሚያስረው ቀይ መቀነት ይከተላል። ቀድሞ ሠርጉ የሚደገሰው ግቢ ውስጥ «ማጋር» በሚባል ድንኳን ሥር ነበር። ጎረቤት ወንበር ያመጣል፣ ሌላው ድስት፣ ሌላው በግ። ድንኳኑን የሚተክለው መንደሩ ነው።

አሁን ድንኳኑ የለም። የሠርግ አዳራሽ አለ፤ መስታወትና ወርቃማ ቀለም የሞላው፣ በሰው ሒሳብ የሚከፈልበት። ጎረቤቱ ድስት አያመጣም፤ ፖስታ ያመጣል። በር ላይ ያለው ሰው የፖስታውን ገንዘብ ቆጥሮ ከነስሙ ደብተር ላይ ያሰፍራል። ደብተሩ ብድር ነው፤ የሰጠህን ሰው ልጅ ስትድር ታስመልሳለህ፣ አነስ ካደረግክ ይወራብሃል። ደመወዝተኛው በሠርግ ወቅት ፖስታ ሲያዘጋጅ ወሩን ይጨርሳል። ደጋሹም በፖስታው አወራርደዋለሁ ብሎ ከባንክ ይበደራል። የሴቷ ወገን ደግሞ «ጀሂዝ» የሚባለውን፣ ከአልጋና ከምጣድ አንስቶ እስከ ማቀዝቀዣና የልብስ ማጠቢያ ያለውን ዕቃ ያሰናዳል፤ ብዙ እናት ልጇ ትምህርት ሳትጀምር ማጠራቀም ትጀምራለች። ሴት ልጅ ወጪ ናት የሚለው ሐሳብ ከየት መጣ ለሚል ሰው፣ አንዱ መልስ እዚህ ደብተርና እዚህ ዕቃ ውስጥ አለ።

ይህን ድግስ ባህላችን ብሎ የሚከላከል ሰው ባህሉን ከሻጩ ጋር አምታትቶታል። ባህሉ መረዳዳቱ ነበር፤ እሱ ከድንኳኑ ጋር ሄደ። የቀረው ትዕይንቱ ነው፤ ትዕይንቱን ያሳበጠው ደግሞ አዲስ ገንዘብ፣ የባንክ ብድርና ቪዲዮ ነው። በ2020 ወረርሽኙ ሲገባ ሠርግ ተከልክሎ ከዓመት በላይ አዳራሾቹ ተዘግተው ነበር። በዚያ ጊዜ በአሥራ ሺዎች የሚቆጠሩ ጥንዶች በጥቂት ሰው ፊት የክብር መዝገብ ላይ ፈርመው ተጋቡ። ሰማይ አልተደፋም። አዳራሹ ሲከፈት ግን ሁሉም ወደ ፖስታው ተመለሰ።

አሁን ስለ ፍቺ። ቤተሰብ ፈረሰ የሚሉት ሰዎች የሚያውለበልቡት ቁጥር አላቸው፤ ቁጥሩም ትክክል ነው። በ2010 ወደ 79 ሺህ ጋብቻና ወደ 9 ሺህ ፍቺ ነበር። በ2019 ጋብቻው ወደ 64 ሺህ ወርዶ ፍቺው ወደ 17 ሺህ ወጣ። ዘጠኝ ለአንድ የነበረው አራት ለአንድ እንኳ አልሞላም። ከዚህ ቁጥር የሚወጣው ድምዳሜ ግን የነሱ አይደለም።

በ2010 የፈታ ሰው ያነሰው ትዳሩ የበለጠ ስለሰመረ ነው? ሴት ልጅ ከአባቷ ቤት ስትወጣ የሚነገራት አባባል አለ፤ በነጭ ቀሚስ ሄደሻል፣ የምትመለሺው በነጭ ከፈን ነው ይባላል። በዚህ ቃል የተሸኘች ሴት ባለመፍታቷ ትዳሯ ጤነኛ ነበር ማለት እስረኛ ባለማምለጡ እስር ቤቱን ወዶታል እንደማለት ነው። ፍቺ የበዛው ሴቷ የራሷን ደመወዝ ስላገኘች፣ አንዳንድ አባትም ከፈኑን ትቶ በሩን መክፈት ስለጀመረ ነው። እነዚያ አባቶች አይወራላቸውም። ልጁን ከነልጆቿ ተቀብሎ፣ «ሰዉ ምን ይላል»ን ዋጥ አድርጎ፣ ለጎረቤት ሰላምታ መስጠቱን የቀጠለ የገጠር አባት ከማንኛውም የፓርላማ ንግግር ይልቅ የአዘርባጃንን ቤተሰብ አቁሟል።

የሚያሳፍረው ሕጉ ከነዚህ አባቶች ኋላ መቅረቱ ነው። አገሪቱ በ2010 የቤት ውስጥ ጥቃትን ለመከላከል ሕግ አውጥታለች። ሆኖም የአውሮፓ ምክር ቤት አባል ሆና በሴቶች ላይ የሚደርስ ጥቃትን የሚመለከተውን የኢስታንቡል ስምምነት አልፈረመችም። ቱርክ እንኳ ፈርማ ነው የወጣችው፤ አዘርባጃን መጀመሪያውንም አልገባችም። ከ2019 ወዲህ ባኩ ላይ በማርች 8 አደባባይ የወጡ ሴቶች በፖሊስ ተበትነዋል። ያን ቀን ጠዋት መንግሥት ለሴቶች የእንኳን አደረሳችሁ መልእክት ያስተላልፋል። አበባው ይሰጣል፣ አደባባዩ አይሰጥም።

ቤተሰብ ሲባል የመንግሥቱም ነገር አይዘለልም። ሥልጣን በ2003 ከአባት ወደ ልጅ፣ ከሄይደር አሊየቭ ወደ ኢልሃም አሊየቭ ተላለፈ። በ2017 ፕሬዚዳንቱ ሚስቱን መህሪባን አሊየቫን የመጀመሪያዋ ምክትል ፕሬዚዳንት አድርጎ ሾመ። ከ2020 ጀምሮ የፓርላማው አፈ ጉባኤም ሴት ናት። ይህን እንደ ሴቶች ድል የሚያቀርቡት አሉ። ሴት በባሏ ሹመት ሁለተኛ ሰው የምትሆንበት ሥርዓት ግን ከመንደሩ ቤት በመጠን እንጂ በአሠራር አይለይም፤ ቁልፉ ያለው በአባወራው ኪስ ነው።

ዘመድ አዝማዱ የማይጠቅም ነው ለማለትም አይደለም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከካራባክና ከዙሪያው ከ600 ሺህ በላይ ሰው ሲፈናቀል መንግሥት የሚባል ነገር በቅጡ አልነበረም። ሰዉ በማደሪያ ቤቶች፣ በድንኳን፣ በባቡር ፉርጎ ሲኖር ያቆመው የአጎትና የአክስት ቤት ነው። ይህን ያየ ሰው ዘመድ ይቅር አይልም። ጥያቄው ከዘመድ ሕግ የትኛው ይቆይ ነው። እየቀረ ያለው እንጀራ ማካፈሉ፣ እየቆየ ያለው ሴትን ማዘዙ መሆኑ ነው ቁጭቱ።

ይህ በጣም የሚታየው «ከቢን» ላይ ነው። ከቢን ማለት ሞላው የሚያስረው ኒካህ ነው። በሕግ ፊት ጋብቻ የሚባለው በክብር መዝገብ የተመዘገበው ብቻ ነው፤ ስለዚህ ከቢን ብቻ ያላት ሴት በአማቷ ፊት ሚስት፣ በዳኛ ፊት ደግሞ ማንም ናት። ባል ሲሄድ ከንብረቱ የምትካፈለው የለም፤ ለልጇ ቀለብ ለመጠየቅ መጀመሪያ አባትነቱን ማስመስከር አለባት። ባልም ይሄዳል፤ ከገጠር ብዙ ወንድ ለሥራ ወደ ሩሲያ ይሻገራል፣ እዚያ ሌላ ቤት የሚሠራ አለ። ጌሊኗ ከአማቷ ጋር ትቀራለች። የጋብቻ ዕድሜ ለሴት 17 የነበረው በ2011 ወደ 18 ከፍ ብሏል፤ በዚያው ዓመት ሴትን አስገድዶ መዳር ወንጀል ሆኗል። ከቢን ግን ዕድሜ አይጠይቅም። ትምህርቷን ያቋረጠችው የ15 ዓመት ልጅ የምትዳረው በዚሁ በር ነው፤ ሁለተኛ ሚስት የሚያስቀምጠው የከተማ ነጋዴም የሚገባው በዚሁ ነው። ሁለቱም ሃይማኖት ይሉታል፤ ሁለቱም የሚፈልጉት ፊርማ የሌለበት ጋብቻ ነው።

አሁን ደግሞ መንግሥት ትልቅ እርምጃ ወስዷል። የአጎትና የአክስት ልጆች ጋብቻ በአገሩ የተለመደ ነበር፤ ንብረት ከዘር አይወጣም፣ አማት አክስት ትሆናለች ይባላል። በዘር የሚተላለፈው ታላሴሚያ የተባለ የደም በሽታ ግን በአገሩ የበዛ ነው፤ ያለበት ሕፃን ዕድሜውን ሁሉ ደም እየተሰጠው ነው የሚኖር። ስለዚህ ከ2015 ጀምሮ ተጋቢዎች ከመመዝገባቸው በፊት የጤና ምርመራ እንዲያደርጉ ግዴታ ሆነ። የቤተሰብ ሕጉም ተሻሽሎ ከጁላይ 2025 ጀምሮ የአጎትና የአክስት ልጆች መጋባት ተከለከለ። ጥሩ ሕግ ነው፤ የዘገየ ቢሆንም ጥሩ ነው። ባህላችን ተነካ የሚለው ጩኸትም ያን ያህል አልተሰማም፤ ሰው የታመመ ልጅ ሲያስታምም ሜንታሊቴቱን ይረሳል።

ምርመራውም ክልከላውም ያለው ግን የክብር መዝገቡ በር ላይ ነው። የአጎት ልጁን ማግባት የቆረጠ ቤተሰብ ያንን በር አልፎ ይሄዳል፤ ሞላ ጠርቶ በሳሎኑ ከቢን ያስራል። ያኔ ምርመራው አይኖርም፣ ፊርማው አይኖርም፣ የሚታመም ልጅ ቢወለድም እናቱ በወረቀት ሚስት አይደለችም። አዲሱ ሕግ ከቢንን ሳይዘጋ ከቀረ ሴቶችን ከመዝገቡ ወደ ሳሎኑ ይገፋቸዋል። ባኩ ውስጥ ቤተሰብ ይጠበቅ እያለ የሚናገር ባለሥልጣን ካለ ነገ ጠዋት ሊያደርገው የሚችል ነገር አለ፤ የምዝገባ ወረቀት ሳያይ ከቢን የሚያስር ሞላ በሕግ ይጠየቅ። ለዚህ የውጭ ስምምነት መፈረም አያስፈልግም፤ ሜንታሊቴትም አይነካም። ድሮም ስኳሩ ሻዩ ውስጥ የሚገባው በሰው ሁሉ ፊት ነበር።